ስማቸው የተሻረ፣ ሥራቸው ያልተሻረ

በኮምፒዩተር ሲሠራ ዓመታት ያስቆጠረ ሰው ሳያስበው ከሚካናቸው ጥበቦች አንዱ፣ ፊቱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ማለፍ ነው። ጥበቡ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም፤ ነገር ግን በስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዘንድ፣ በተለይም «አር» በተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ በሚሠሩት ዘንድ፣ ተራቅቆ ይገኛል። ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ትእዛዝ ጽፎ ቁልፉን ሲጫን አምስት ስድስት መስመር ቀይ ጽሑፍ ሊወርድበት ይችላል፤ እሱ ግን ቀዩን በዓይኑ ዘሎ፣ ውጤቱ መምጣት አለመምጣቱን ብቻ ያያል፤ ውጤቱ ከመጣ ቀዩ ምን አለ ምን ጉዳዩ አይደለም።

በዚህ ጠባዩ ሙሉ በሙሉ ሊወቀስ አይገባም። ብዙው ሰው ቋንቋውን የሚጽፍበት አርስቱዲዮ የተባለው ፕሮግራም፣ ስህተትንም፣ ማስጠንቀቂያንም፣ አንድ ፓኬጅ ሲከፈት የሚያሰማውን ተራ ሰላምታም ለረጅም ጊዜ በአንድ ዓይነት ቀይ ሲጽፍ ኖሯል። (ፓኬጅ የሚባለው ተዛማጅ ሥራ የሚሠሩ ትእዛዞች፣ ማለትም ፈንክሽኖች፣ በአንድነት ታስረው የሚታደሉበት ጥቅል ነው።) ሰላምታና አደጋ በአንድ ቀለም ሲጻፉ ሰላምታው እንደ አደጋ አይፈራም፤ አደጋው እንደ ሰላምታ ይለመዳል።

ከቀዮቹ መስመሮች መካከል ጠባዩ ለየት ያለ አንድ ወገን አለ፤ እሱም የሽረት ማስታወቂያ ነው። የሶፍትዌር ሠሪዎች አንድን ፈንክሽን ሊያስወግዱ ሲያስቡ በአንድ ሌሊት አይቆርጡትም፤ አስቀድመው «ይህ ፈንክሽን ከዚህኛው እትም ጀምሮ ተሽሯል፣ በምትኩ ያንን ተጠቀሙ» ብለው ያስነግራሉ፤ ካስነገሩም በኋላ ፈንክሽኑ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እንደ ወትሮው ያገለግላል። ስለዚህ የተሻረ ፈንክሽን ማለት፣ የታዘዘውን አንዳች ሳያጓድል ሠርቶ ካስረከበ በኋላ «ለወደፊቱ ግን እኔን ባትጠሩኝ ይሻላል» የሚል አገልጋይ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ሥራውን አሳምሮ ሠርቶ ያስረከበን አገልጋይ የስንብት ንግግር ቆሞ የሚያዳምጥ ብዙ ሰው የለም።

ይህ ንግግር ደጋግሞ ከሚሰማባቸው ቦታዎች አንዱ ኢንላ የተባለው ፓኬጅ ነው። ኢንላ ሆቫርድ ሩ፣ ሣራ ማርቲኖና ኒኮላ ሾፓን በ2009 ባሳተሙት ጥናት የታወቀ የስሌት ዘዴ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ቀድሞ ኮምፒዩተር ለሰዓታት፣ ሲከፋም ለቀናት፣ የዘፈቀደ ቁጥር እያወጣ ይደርስበት የነበረውን የቤይዝ ስታቲስቲክስ መልስ በብልሃት በተሠራ ግምት በአጭር ጊዜ ያቀርባል። በሽታን፣ ዝናብን፣ የዓሣን ክምችት በካርታ ላይ የሚያጠኑ ሰዎች ወዲያው ወደዱት።

እነዚህ ሰዎች የሚነሡት ከአንድ ቀላል እውነት ነው፤ የሚቀራረቡ ቦታዎች ይመሳሰላሉ። እውነቱ ቀላል ይሁን እንጂ ስሌቱ ውድ ነው፤ 2,000 ቦታዎችን ይዞ የእያንዳንዱን ቦታ ከእያንዳንዱ ጋር ያለውን ዝምድና በሠንጠረዥ ለመጻፍ የተነሣ ሰው 4,000,000 ቁጥሮች ይጠብቁታል፤ የቦታዎቹ ብዛት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የስሌቱ ድካም ስምንት እጥፍ ይሆናል። በ2011 ፊን ሊንድግሬን፣ ሩና ዮሃን ሊንድስትሮም ያሳዩት መውጫ ከሁለት አሮጌ ሐሳቦች የተገኘ ነበር። አንደኛው ስዊድናዊው የደን ስታቲስቲክስ ሊቅ በርቲል ማተርን በ1960 ያቀረበው፣ ዝምድና ከርቀት ጋር እንዴት እየላላ እንደሚሄድ የሚገልጽ ቀመር ነው፤ ሁለተኛው ይኸው ዝምድና ከአንድ ዓይነት የዲፈረንሺያል እኩልታ መፍትሔ እንደሚወለድ የፒተር ዊትል ሥራ ያሳየው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አገሩን በሦስት ማዕዘኖች መረብ ሸፍኖ፣ እያንዳንዱን የመረብ ቋጠሮ ከቅርብ ጎረቤቶቹ ጋር ብቻ ማዛመድ ይበቃል፤ የቀረው የሠንጠረዡ ክፍል ዜሮ ይሆናል፣ ኮምፒዩተርም በዜሮ ላይ አይደክምም።

መረቡ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ሜሹ፣ እንደመጣ የሚጣል አይደለም። ሦስት ማዕዘኖቹ የሚደረደሩበት ሥርዓት የሩሲያዊው ቦሪስ ዴሎኔ ነው፤ በ1934 ባሳተመው ጽሑፍ መሠረት በአንድ ሦስት ማዕዘን ሦስት ጫፎች ላይ የሚያልፍ ክብ በውስጡ ሌላ ቋጠሮ ሊይዝ አይገባም፤ ይህም ቀጫጭንና ሹል ሦስት ማዕዘኖችን በተቻለ መጠን ያስወግዳል። (ዴሎኔ በዘመኑ የታወቀ ተራራ ወጪም ነበር፤ ስለ ሹል ነገር የሚያውቀው በወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።) መረቡ ከሚጠናው አገር ወሰን አልፎ ወደ ውጭ መዘርጋትም አለበት፤ በጠርዝ ላይ ያለ ቋጠሮ በአንድ ወገኑ ጎረቤት ስለሌለው ስሌቱ እዚያ ላይ ይዛባል፤ ስለዚህ ውስጡ በትናንሽ፣ ውጩ በትላልቅ ሦስት ማዕዘኖች ይሞላል፤ መዛባቱም ማንም በማይመለከተው ዳርቻ ላይ እንዲቀር ይደረጋል።

ይህን ሁሉ ለዓመታት ሲሠራ የኖረው ፈንክሽን ስሙ በእኛ ፊደል ቢጻፍ «ኢንላ.ሜሽ.ቱዲ» ነው። ቃላቱን የሚለያየው ነጥብ ነበር፤ ነጥብ በዚህ ቋንቋ ውስጥ ሌላ ሥራም ስላለው ስም ውስጥ መግባቱን የማይወዱ ጠንቃቆች ሁልጊዜም ነበሩ።

በ2023 የመረብ ሥራው ከኢንላ ተለይቶ፣ በሊንድግሬን እጅ፣ ኤፍሜሸር ወደተባለ የራሱ ፓኬጅ ተዛወረ። ለዝውውሩ በቂ ምክንያት ነበረ። ኢንላ ራሱ ክራን በተባለው የቋንቋው ዋና የፓኬጅ ማከማቻ አይገኝም፤ መረብ ብቻ የፈለገ ሰው ግን ኢንላን በሞላው መጫን ነበረበት። ኤፍሜሸር ክራን ላይ ገባ፤ ፈንክሽኖቹም አዲስ ስም ተሰጣቸው፤ «ኢንላ.ሜሽ.ፕሮጀክተር» የነበረው «ኤፍኤም_ኢቫሉዌተር» ሆነ፤ «ኢንላ.ሜሽ.ሰግመንት» ደግሞ «ኤፍኤም_ሰግም» ተባለ። ነጥቡም ለስር ሰረዝ ቦታውን ለቀቀ።

ከዚያ ወዲህ አሮጌውን ስም የጠራ ሰው የሚወርድበት ማስታወቂያ በጥሞና ሲነበብ የጨዋ ሰው ደብዳቤ ይወጣዋል። የመጀመሪያው መስመር ፈንክሽኑ በኢንላ 23.08.18 እትም መሻሩን ይናገራል፤ ይህ ቁጥር ራሱ ቀን ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 12 ቀን 2015 መሆኑ ነው። ሁለተኛው መስመር በምትኩ ማን እንደሚጠራ፣ ሦስተኛው ማብራሪያው የት እንደሚገኝ ያመለክታል። አራተኛው መስመር ግን ከሁሉም የሚያስገርም ነው፤ በአሮጌ ኮድ ለሚሠራ ሰው ይህን ማስታወቂያ ራሱን እንዴት ዝም እንደሚያሰኝ ያስተምረዋል። ማስጠንቀቂያ የራሱን አፍ መዝጊያ ይዞ ሲመጣ ጨዋነት ከዚህ ወዲያ የለም። የማያነበው ሰው እንኳ ይህችን አራተኛ መስመር እንዴት እንደሚያገኛት አይታወቅም እንጂ ያገኛታል።

ተተኪ ሆኖ የተጠቆመው ስም ደግሞ «ኤፍኤም_ሜሽ_ቱዲ_ኢንላ» ነው። ልጁ በአዲስ ቤት ተወልዶ፣ አዲስ የመጠሪያ ስም ወጥቶለት፣ በመጨረሻ እንደ ሐበሻ ልጅ የአባቱን ስም ከኋላው አስከትሎ ብቅ አለ። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ በአባት ስም የሚጠራው የአሮጌውን ሥርዓት እንደነበረ ለማቆየት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ያለ አባት ስም የሚጠራው ግን ወደፊት በራሱ መንገድ ሊሄድ የተፈቀደለት ነው። በነጥቦች ዙሪያ ዳርቻ የሚያበጀው ፈንክሽንም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው፤ አዲሱ ዳርቻውን የሚያወጣበት መንገድ ከአሮጌው ስለሚለይ፣ ያለፈውን ውጤት ነጥብ በነጥብ መድገም የሚፈልግ ሰው የአባቱን ስም ሳይረሳ መጥራት አለበት።

ይህን ልዩነት የማይታገሡት ትጉሃን ናቸው። ትጉህ ሰው ማስታወቂያውን አንብቦ ይደነግጣል፤ ከደነገጠም በኋላ «ኢንላ» የሚለውን ቃል በኮዱ ውስጥ በሙሉ ፈልጎ በአንድ ምት «ኤፍኤም» በሚለው ይለውጠዋል። የተዛወሩት ግን የመረብ ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው፤ የማተርንን ዝምድና የሚያቋቁመው «ኢንላ.ኤስፒዲኢ2.ፒሲማተርን» ከነስሙ ከነቤቱ እዚያው ኢንላ ውስጥ አለ። ስለዚህ ትላንት በማስጠንቀቂያ ይሠራ የነበረው ኮድ ዛሬ «እንዲህ ያለ ፈንክሽን አላገኘሁም» በሚል ስህተት ይቆማል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ትጋት የተማረ ጎረቤቱ «ጎመን በጤና» ብሎ የ2019 እትሙን እንደያዘ ይቀመጣል፤ ኮምፒዩተሩ እስኪበላሽ ድረስም ማንም አይረታውም።

የማስታወቂያው አነጋገር ደረጃ አለው። ብዙ ሠሪዎች የሚገለገሉበት ላይፍሳይክል የተባለ ፓኬጅ አለ፤ ሥራው የሌሎችን ፈንክሽኖች ስንብት በሥርዓት መምራት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ማስታወቂያው ፈንክሽኑን በቀጥታ በራሱ እጅ ለጠራ ሰው ብቻ ይነገራል፤ በሌላ ፓኬጅ በኩል ተዘዋውሮ የደረሰበት ሰው አይሰማውም። በሁለተኛው ደረጃ ለሁሉም ይነገራል። በሦስተኛው ንግግሩ ያበቃል፣ ፈንክሽኑም ሥራ ያቆማል። አበው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ያሉትን ማንም ሳይነግራቸው በኮድ ጽፈውታል።

በምክሩ ወቅት ግን እጅግ የሚያስደንቅ ቁጥብነት አለ፤ ላይፍሳይክል አንዱን ማስጠንቀቂያ በየስምንት ሰዓቱ ከአንድ ጊዜ በላይ አያሰማም፣ አለማሰማቱንም በዚያው መልእክት ውስጥ ራሱ ይገልጻል። ስምንት ሰዓት የመደበኛ የሥራ ቀን ልክ ነው። የቢሮ ሠራተኛ ጠዋት ኮዱን ሲያስነሣ፣ ፓኬጆቹ ሁሉ በቀይ ሰላምታቸውን በሚያወርዱበት ሰዓት፣ ማስጠንቀቂያው መካከል ገብቶ አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው እስከ ማታ አንድ ሺህ ጊዜ ያንኑ ፈንክሽን ቢጠራው ዝም ነው። እንዳያስቸግር የተደረገ ነው፤ እንዳይሰማ የተደረገ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝለትም ነበር።

ደግሞም አሮጌዎቹን ስሞች የሚያስተምሩ መጻሕፍት አሉ፤ መጽሐፍ አንዴ ከታተመ ማስታወቂያ አያወርድም። የብላንጃርዶና የካሜሌቲ የ2015 መጽሐፍ፣ የፓውላ ሞራጋ የ2019 መጽሐፍ የተጻፉት ሽረቱ ከመነገሩ በፊት ነው፤ ጥሩ መጻሕፍት በመሆናቸውም ተማሪው ከእነርሱ ይገለብጣል፣ የተማሪው ተማሪም ከተማሪው። ሞራጋ ከምታስተምርባቸው ምሳሌዎች አንዱ በጋምቢያ 65 መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት የወባ መረጃ ነው። ጋምቢያ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ሦስት ዲግሪ ያህል ብቻ የምትረዝም ቀጭን አገር ስለሆነች፣ ለእርሷ የሦስት ማዕዘኖቹ ጎን ከ0.1 ዲግሪ፣ ማለትም ከ11 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንዳይበልጥ ቢወሰን ያምራል። ያንኑ ቁጥር ገልብጦ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወደሚሰፋው የኢትዮጵያ ካርታ ያመጣ ተማሪ ግን ከ20,000 የማያንሱ ሦስት ማዕዘኖች ይፈለፈሉበታል፤ ላፕቶፑ ማናፋት ሲጀምርም ጥፋቱን በመብራት ኃይል ያመካኛል።

ስንብትን በተመለከተ ከሁሉም የላቀ ጨዋነት የታየው በጎረቤት ፓኬጆች ዘንድ ነው። አርጂዳል፣ አርጂኦስና ማፕቱልስ የተባሉት ሦስት ፓኬጆች ካርታ ለማንበብና ለመለወጥ ለብዙ ዓመታት ሁሉም ሰው የተደገፈባቸው ምሰሶዎች ነበሩ፤ ጠባቂያቸው የኖርዌይ በርገኑ ሮጀር ቢቫንድ ነበሩ። ፓኬጆቹ የተሰናበቱት ጠባቂያቸው ጡረታ ስለወጡ ነው። ይህም አስቀድሞ ተነገረ፤ አርጂዳልን የከፈተ ሁሉ ፓኬጁ በ2023 ጡረታ እንደሚወጣ፣ ስለዚህ በተመቸው ጊዜ ቀደም ብሎ ወደ ሌሎች ፓኬጆች መዛወሩን እንዲያቅድ የሚለምን መልእክት ይደርሰው ነበር። «በተመቸው ጊዜ» ለተባለ ሰው የተመቸ ጊዜ መጥቶለት አያውቅም። በጥቅምት 2023 ፓኬጆቹ ከክራን ተነሥተው ወደ መዝገብ ቤት ሲገቡ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ያላሉት ሁሉ «ምነው ሳይነገረን!» አሉ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ ሁሉ የማያነበው ሰው ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ገጽታ አለው፤ ሶፍትዌሩ የሚናገረው ስለ ስም ነው፣ ስለ ሥራው አይናገርም። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን መርጦ ነበር፤ የብዙ ተማሪዎች መረብም የሚጣለው በእነዚህ ላይ ነው። ቦታዎቹ በኬንትሮስና በኬክሮስ ዲግሪ የተጻፉ ሆነው ሳለ፣ በሐሳቡ ኪሎ ሜትር የያዘ ተማሪ «ከ5 በታች የሚራራቁትን ነጥቦች አንድ አድርግ» ብሎ ያዝዛል። ፈንክሽኑ ኪሎ ሜትር ይሁን ዲግሪ አይጠይቅም፤ አምስት ዲግሪ ደግሞ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አዲስ አበባና ጎንደር እንደ አንድ ቦታ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ከ645ቱ ነጥቦችም በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ይተርፋሉ። ስለዚህ ነገር አንዲት ቀይ መስመር አትወርድም። መረቡ ይሠራል፣ ስሌቱ ያልቃል፣ ካርታው በሚያማምሩ ቀለሞች ተስሎ ይወጣል። ተማሪው አዲሱን ስም ተጠቅሞ ከሆነማ ፈጽሞ ንጹሕ ጸጥታ ነው።

እጅግ የሚጠነቀቀውም አይተርፍም። በዚሁ ጥናት የቤተሰቦቹ ምሥጢር እንዲጠበቅ ሲባል እያንዳንዱ ቦታ ሆን ተብሎ ከእውነተኛ ስፍራው እንዲፈናቀል ተደርጓል፤ የከተማው እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ የገጠሩ እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹም ከመቶ አንዱ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጎን ረቂቅ መረብ ሠርቶ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒዩተሩን ያስደከመ ሰው፣ ቀድሞውንም እዚያ ያልነበረችን መንደር በጥንቃቄ አጥሮ ማደሩ ነው። ይህንንም የሚነግረው የጥናቱ መመሪያ እንጂ ማሽኑ አይደለም።

እንግዲህ ስም የተለወጠባቸው ፈንክሽኖች ሥራቸውን እያሳመሩ ይጮኻሉ፤ በተሳሳተ ቁጥር የታዘዙት ፈንክሽኖች ሥራውን እያበላሹ ዝም ይላሉ። ለጩኸቱ ጆሮውን የደፈነ ሰው ዝምታውን ይመረምራል ብሎ መጠበቅ ደግሞ የዋህነት ነው፤ ጸጥታ ሲያገኝ «ደህና ሄደ» ብሎ ወደ ውጤቱ ምዕራፍ ያልፋል፣ አማካሪውም የካርታውን ቀለም አይቶ ይፈርምለታል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ከአንድ ደቂቃ በላይም አይፈጅም። ማስታወቂያውን አንድ ጊዜ አንብቦ ስሙን መለወጥ፣ ከዚያም ስሌቱ ሳይጀመር መረቡን ከአገሩ ወሰን ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አስሎ በዓይን ማየት ይበቃል፤ የአገሩን ግማሽ የዋጠ ሦስት ማዕዘን ካለ ስታቲስቲክስ ያልተማረ ሰውም ያየዋል። መረቡን የሚስለው ፈንክሽን «ፕሎት» ይባላል። እሱም በ2020 ከነበረበት የሥዕል ፓኬጅ ተነሥቶ ወደ ቋንቋው መሠረታዊ ፓኬጅ ተዛውሯል፤ ስሙ ስላልተለወጠ ግን ብዙው ሰው አላወቀም።